የአሮጌ መኪና ቴፕና ድምፅ ማጉያ እንዴት ይሻሻላል?

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ አካባቢ ነው። ከፍቼ፣ ከጫንጮና ከሱሉልታ የሚመጣው መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማው ይገባል። በዚህ መንገድ እህል የጫነ፣ ወተት የጫነ፣ ሰው የጫነ መኪና ሲመላለስ ይውላል። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። ሞተራቸው ግን ገና ይሠራል። ለባለቤታቸው እንጀራ ናቸው።

በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ቴፑ ካሴት ይበላል። ራዲዮው ይንሿሿል። ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል። ባለቤቱም «ሌላ ቴፕ ልግዛ» ብሎ ገበያ ይወጣል። የሚያብረቀርቀውን፣ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን መርጦ ያስገጥማል። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪናው ጠዋት አልነሳም ይላል። ወይም የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ወይም ድምፁ ከቀድሞው አይሻልም። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ይህ ለምን ይሆናል? ገንዘቡ በቅደም ተከተል ስላልወጣ ነው። በአሮጌ መኪና መጀመሪያ የሚታየው ሽቦው ነው። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው ነው። ሦስተኛው ቴፑ ነው። ተጨማሪ አምፕሊፋየር የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ገንዘቡንም መኪናውንም ያድናል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ቴፕ ወይም ራዲዮ ደካማ የሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ያወጣል። በውስጡ ያለው ማጉያ ከባትሪው ኃይል ወስዶ ምልክቱን ያጎለብተዋል። ምልክቱ በሽቦ ሄዶ ድምፅ ማጉያው ዘንድ ይደርሳል። ድምፅ ማጉያ ማለት በተለምዶ ስፒከር የምንለው ነው።

ስፒከር ከከበሮ ጋር ይመሳሰላል። ከበሮ ቆዳ አለው፤ ስፒከር ደግሞ ከወረቀት ወይም ከላስቲክ የተሠራ ሽፋን አለው። ከሽፋኑ ጀርባ ቀጭን የሽቦ ጥቅልና ማግኔት አለ። ኤሌክትሪኩ በጥቅሉ ሲያልፍ ማግኔቱ ጥቅሉን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋዋል። ሽፋኑም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አየሩ ይመታል፤ እኛም እንሰማለን።

ስቴሪዮ የሚባለው ደግሞ ድምፁ በሁለት መንገድ፣ በግራና በቀኝ፣ ተለይቶ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ስቴሪዮ ቢያንስ ሁለት ስፒከር ይፈልጋል።

ቮልትና አምፔር

ኤሌክትሪክን በመስኖ ውኃ እንመስለው። ቮልት ውኃውን የሚገፋው ከፍታ ነው። አምፔር በቦዩ የሚሄደው የውኃ ብዛት ነው። ሽቦው ቦዩ ነው። ቦዩ ጠባብ ሆኖ ውኃው ከበዛ ቦዩ ይናዳል። ሽቦም ቀጭን ሆኖ ኤሌክትሪኩ ከበዛበት ይግላል፤ ይቀልጣል፤ እሳትም ያስነሳል።

የብዙ ትናንሽ መኪናዎች ባትሪ ባለ 12 ቮልት ነው። ለዓመታት የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና የኖረችው ላዳም ባለ 12 ቮልት ናት። ከ1960 ዓ.ም. በፊት ከተሠሩት ፎልክስዋገኖች ብዙዎቹ ግን ባለ 6 ቮልት ነበሩ። ብዙ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ባለ 12 ቮልት ቴፕ በ24 ቮልት ላይ ቢታሰር ይቃጠላል። በ6 ቮልት ላይ ቢታሰር አይሠራም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት «ይህ መኪና ስንት ቮልት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ራዲዮው ኤፍ ኤም ለምን አይዝም?

የራዲዮ ጣቢያ በአገራችን የተጀመረው በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአቃቂ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሕዝቡ ራዲዮ ሲሰማ የኖረው በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ተከፈተ። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የራዲዮ ቁጥር እንደ ቤት ቁጥር ነው። መኪናው የተሠራበት አገር ኤፍ ኤምን በሌላ ቁጥር ላይ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ጃፓን ለገዛ አገሯ የሠራቻቸው የቆዩ መኪናዎች ራዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ይይዛል። በሶቭየት ኅብረት የተሠሩት ራዲዮኖች፣ ኤፍ ኤም ያላቸው እንኳ፣ ከ66 እስከ 74 አካባቢ ነበር የሚይዙት። የእኛዎቹ 97.1 እና 102.1 ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ራዲዮ አልተበላሸም፤ ቁጥሩ አልደረሰም እንጂ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአንቴናው ሽቦ መካከል የሚገባ ትንሽ የሞገድ መለወጫ ማስገጠም ነው። ዋጋው ከቴፕ ያነሰ ነው። ሁለተኛው፣ ከ87.5 እስከ 108 የሚይዝ ቴፕ መግዛት ነው። ሻጩ ፊት አብርተን ቁጥሩ 108 መድረሱን እንይ።

ሌላም ነገር አለ። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ ይጋርደዋል። ጉለሌ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግረን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ሊንሿሿ ይችላል። ይህ የቴፑ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን አንቴናው የተሰበረ ወይም ሥሩ የዛገ ከሆነ ሜዳ ላይም ይንሿሿል። መጀመሪያ አንቴናውን እናስፈትሽ።

በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

በብዙ ቴፖች ካርቶን ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ይጻፋል። ዋት የኃይል መለኪያ ነው። ይህን ያነበበ ሰው 200 ዋት የገዛ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ በቀጥታ የሚሠራ ቴፕ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጥሩ ድምፅ ከ15 እስከ 20 ዋት ያህል ነው። የካርቶኑ ቁጥር ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ነው። ሻጩን «ሳያቋርጥ የሚሰጠው ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። በመመሪያው ወረቀት ላይ «አር ኤም ኤስ» ከሚለው አጠገብ የሚገኘው ቁጥር ይኸው ነው።

ለአንድ ጋቢና 15 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ስፒከሩ ደህና ከሆነ!

ስፒከሩን እንዴት እንመርምር?

ስፒከሩን አውጥተን ሽፋኑን እንይ። ወረቀቱ የተቀደደ፣ ዙሪያው የረገፈ ከሆነ ይለወጥ። ከዚያ በጣታችን ሽፋኑን ቀስ አድርገን ወደ ውስጥ እንጫነው። ያለ ድምፅ ከገባና ከወጣ ደህና ነው። የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ጥቅሉ ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል።

አዲስ ስንገዛ የቀዳዳውን ስፋትና ጥልቀት ለክተን እንሂድ። ጥልቀቱ ካልተለካ የስፒከሩ ጀርባ የበሩን መስተዋት ሊነካ ይችላል። የብዙ መኪና ስፒከር ባለ 4 ኦም ነው። ኦም ማለት ኤሌክትሪኩን የመቋቋም ልክ ነው። በአንድ መውጫ ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ብናስር ወደ 2 ኦም ይወርዳል። ብዙ ቴፕ ይህን አይችልም፤ ግሎ ይቃጠላል።

ስፒከር በደንብ ባልታሰረ ቀጭን ካርቶን ላይ ቢገጠም ድምፁ ይሰለላል። ከበሮም ያለ እንጨቱ አይጎላም። በጠንካራ ጣውላ ላይ በብሎን ይታሰር።

የስፒከሩ ሁለት ጫፎች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ናቸው። በአንደኛው ስፒከር ላይ ከተገላበጡ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። አንዱ በሬ ወደፊት ሌላው ወደኋላ የሚጎትቱት ጥማድ ማለት ነው። ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ይህን በአንድ ባትሪ ድንጋይ እንፈትን። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቩ ለቅጽበት ብቻ እናስነካ። ሽፋኑ ወደ ውጭ ከዘለለ ትክክል ነው።

የሽቦ ሥራ

እሳት የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እንጠብቅ።

1ኛ. ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ።

2ኛ. በአሁኑ ዘመን ቴፖች ላይ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኝ ነው፤ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች እንዳይረሳ ያደርጋል። ቀዩ በቁልፍ የሚበራ ነው። ጥቁሩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ነው። የመኪናው የራሱ ሽቦ ቀለም ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ቀለም አይቶ ከማሰር በመለኪያ መለካት ይሻላል።

3ኛ. በብዙ አሮጌ መኪናዎች የስፒከሩ አንዱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ታስሮ ይገኛል። ለቀድሞው ራዲዮ ይህ ልክ ነበር። ለአሁኑ ቴፕ ግን ጥፋት ነው። ማጉያው ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ሽቦ ከቴፑ ድረስ ይዘርጋ።

4ኛ. ጥቁሩ ሽቦ የሚታሰርበት ብረት ቀለሙና ዝገቱ ይፋቅ። ሞተሩ ሲጮህ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ማሰሪያ መላላት ነው።

5ኛ. ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ የላስቲክ ቀለበት ይደረግለት። አለዚያ ብረቱ ልባሱን እየበላ ያራቁተዋል።

6ኛ. ፊውዝ ሲቃጠል በዚያው ቁጥር ይተካ። በሽቦ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መጠቅለል ዘበኛን አባርሮ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ፊውዙ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነው።

አምፕሊፋየር ይጨመር?

ስሌቱን እንሥራ። እውነተኛ 300 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ቢያንስ 25 አምፔር ይፈልጋል፤ 300 ለ12 ሲካፈል 25 ነውና። በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር እስከ 40 አምፔር ሊደርስ ይችላል። የአሮጌ መኪና ዲናሞ 40 አምፔር ቢሰጥ፣ ለመብራቱ፣ ለዝናብ መጥረጊያውና ባትሪውን ለመሙላት ምን ይተርፋል? ምንም አይተርፍም። ባትሪው ይራባል። ጠዋት መኪናው አይነሳም። ያን ቀን ሥራ የለም።

ተጨማሪ አምፕሊፋየር የግድ ከሆነ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ይሳብለት። ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ፣ ከግማሽ ሜትር ሳይርቅ ይደረግ።

ቴፑ ብቻውን እንኳ ሞተር ጠፍቶ ሲጫወት ባትሪ ይጨርሳል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 5 አምፔር ቢወሰድበት በስሌት 12 ሰዓት ይቆያል። ነገር ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ባትሪው ይጎዳል፤ መኪናውንም ላያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ልኩ 6 ሰዓት ነው። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። በየቤታችን በባትሪ ራዲዮ የምንሰማም ይህንኑ ስሌት እንያዝ።

ጆሮና መንገድ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ከፍ ያለ ድምፅ የጎዳው ጆሮ ተመልሶ አይድንም። አጠገባችን ያለው ሰው እንዲሰማን መጮህ ካስፈለገን ድምፁ በዝቷል ማለት ነው።

ሾፌሩም መንገዱን መስማት አለበት። ከእንጦጦ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ። የተጫነ አህያ ይሻገራል። ከኋላ አምቡላንስ ይመጣል። ቴፑ እስኪያደነቁር ከተከፈተ ሾፌሩ የፍሬኑን ማፏጨት እንኳ አይሰማም።

እንግዲህ የአሮጌ መኪና ድምፅ ሲበላሽ ለቴፕ ግዢ አንቸኩል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና። አንቴናውን፣ ማሰሪያውንና ሽቦውን እናስፈትሽ። ቀጥሎ ስፒከሩን እንመርምር። ቴፕ የምንለውጠው ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ ነው። የመኪና ዕቃ በመገበያየት ወደታወቀው ሶማሌ ተራ ስንሄድም የቀዳዳውን ልክ፣ ቮልቱንና ኦሙን በወረቀት ጽፈን እንያዝ። ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው በካርቶን ቁጥር አይታለልም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በአሮጌ መኪና መጀመሪያ የሚፈተሸው ምንድን ነው? በመጨረሻ የሚመጣውስ?
2. ለጃፓን አገር የተሠራ የቆየ የመኪና ራዲዮ 97.1ን የማይዘው ለምንድን ነው?
3. ባለ 80 አምፔር ሰዓት ባትሪ 4 አምፔር ቢወሰድበት በስሌት ስንት ሰዓት ይቆያል? ባትሪው እንዳይጎዳ ስንት ሰዓት ላይ እናቁም?
4. የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ መጠቅለል ምን ጉዳት ያመጣል?
5. ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ በወረቀት የምትጽፏቸውን ሦስት ነገሮች ዘርዝሩ።