ከሞዴስ ወደ ኩባያ

አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ ጊዜ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ይፈሳታል። በሾርባ ማንኪያ ቢለካ ከሁለት እስከ ሦስት ማንኪያ ማለት ነው። ከወንበር በተነሣች ቁጥር ቀሚሷን ዞር ብላ ስታይ የኖረች ሴት ይህን ስትሰማ ለማመን ይቸግራታል፤ ልኩ ግን ይኸው ነው። የወር አበባ ኩባያ የተሠራውም ይህን ይዞ ነው። ደሙ ይህን ያህል ብቻ ከሆነ ወጥቶ ጥጥና ጨርቅ እስኪያርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገና ውስጥ ሳለ የሚቀበለው ትንሽ ዕቃ ይበቃዋል።

ዕቃው መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ አፉ ሰፋ ታቹ ጠበብ ያለ፣ ከሥሩ አጭር ጭራ ያለው ለስላሳ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለሕክምና መሣሪያ ከሚውለው የሲሊኮን ዓይነት ነው። ከላቴክስ ጎማ የሚሠራም ስላለ ላቴክስ የማይስማማት ሴት ማሸጊያውን አንብባ ትግዛ። ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። ኩባያው ታጥፎ ወደ ብልት ሲገባ ይከፈታል፤ ጠርዙ ከግድግዳው ጋር ዙሪያውን ይገጥምና ከማኅፀን በር የሚወርደውን ደም ያጠራቅማል። በትክክል ከተቀመጠ ሴቷ ትሄዳለች፣ ትተኛለች፣ ትሮጣለች፣ ትዋኛለች፤ መኖሩም አይታወቃትም። ሽንት የሚወጣበት ቀዳዳ ሌላ ስለሆነ ለመሽናት ማውጣት አያስፈልጋትም።

«ውስጥ ገብቶ ቢጠፋስ?» የሚለው ስጋት ሁሉም ሴት ቀድማ የምታነሣው ነው። አይጠፋም። ብልት ከላይ በኩል በማኅፀን በር የተዘጋ ነው፤ የበሩ ቀዳዳ ደግሞ ኩባያ አያሳልፍም። ቢበዛ ጭራው ለጣት ራቅ ይል ይሆናል። ያን ጊዜ ቁጢጥ ብሎ እንደ ማማጥ ወደ ታች መግፋት ያወርደዋል።

አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ ዕድሜው ከብዙዎቻችን እናቶች ይበልጣል። ሊዮና ቻልመርስ የተባለች አሜሪካዊት ተዋናይት እ.ኤ.አ. በ1937 ከጎማ ለሚሠራ የወር አበባ ኩባያ የፈጠራ መብት አገኘች። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎማውን ለጦር ዕቃ ወሰደውና ምርቱ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላም ገበያ አላገኘም፤ የዚያ ዘመን ሴት የገዛ አካሏን በጣቷ እንድትነካ የሚጠይቅ ዕቃ መቀበል ከበዳት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የላቴክስ ኩባያ እንደገና ወጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የሲሊኮኑ ከተሠራ በኋላ ግን በዓለም ተሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዘ ላንሴት ፐብሊክ ኼልዝ ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት 199 ዓይነት ኩባያዎች በ99 አገሮች እንደሚሸጡ ቆጥሯል። ዋጋቸው ያኔ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር በታች ጀምሮ እስከ 46 ዶላር ይደርስ ነበር፤ መካከለኛው 23 ዶላር ገደማ ነበር።

ይህ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ሲወጣ ከባድ ነው። ሆኖም አንድ ኩባያ በደንብ ከተያዘ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፤ በየወሩ ሱቅ ሄዶ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ የሚመጣውን ሞዴስ መግዛት ይቀራል። የቆሻሻውም ነገር ቀላል አይደለም። ሞዴስ ውስጡ ፕላስቲክ ስላለው አይበሰብስም፤ በኮንዶሚኒየም የፍሳሽ ቱቦ ይዘጋል፣ በጉድጓድ ሽንት ቤት ጉድጓዱን ይሞላል። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ፣ ከቤት መውጣት ለማይፈቀድላቸው እኅቶቻችን ደግሞ ኩባያ ሌላ ትርጉም አለው፦ «ሞዴስ ግዙልኝ» ብሎ አሠሪን ከመለመን ያድናል።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ጥቅሙ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። ኩባያ ደምን ይለካል። ሐኪም «ብዙ ይፈስሻል?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ ግምት ነው። «በቀን ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ?» የሚለውም ብዙ አይረዳም፤ አንዷ ጠብታ ስታይ ትቀይራለች፣ ሌላዋ ገንዘብ ለመቆጠብ እስኪሞላ ትጠብቃለች። ኩባያ የምትጠቀም ሴት ግን «25 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን በሁለት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ሞልቶ ደፋሁት» ማለት ትችላለች። ይህ ብቻ 100 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ የወር አበባ ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ መፍሰስ በሕክምና እንደ ብዙ የሚቆጠር ነው፤ ከጀርባው ማዮማ፣ የሆርሞን መዛባት ወይም ደም ያለመርጋት ችግር ሊኖር ይችላል። በአገራችን፣ ደረጃ ስትወጣ የሚደክማት፣ ልቧ የሚመታ፣ ራሷን የሚያዞራት፣ «የኔ ድሮም ብዙ ነው» ብላ የምትኖር ስንት ሴት አለች! ደም ማነሷ ከዚያ ይምጣ አይምጣ የሚነግራት ሰው ሳታገኝ ዓመታት ያልፋሉ። ቁጥር ይዛ ሐኪም ፊት የምትቀርብ ሴት በቀላሉ «ያልፋል» ተብላ አትመለስም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈትናሉ። ኩባያው ታጥፎ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ያፈሳል። በጣት ዙሪያውን ነክቶ መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የሚስማማትን መጠን ለመምረጥ ደግሞ ሴቷ የማኅፀን በሯ ቅርብ ይሁን ሩቅ ማወቅ ይኖርባታል። ቅርብ ለሆነባት አጭሩ፣ ሩቅ ለሆነባት ረዘም ያለው ይሻላታል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ በምጥ ላልወለደች አነስ ያለውን፣ ለወለደች ሰፋ ያለውን ይመክራሉ። ጠንከር ያለው ቶሎ ይከፈታል፤ ነገር ግን የሽንት ፊኛን ተጭኖ ቶሎ ቶሎ ሊያሸና ይችላል። ማውጣቱ ከማስገባቱ ይልቅ ያስደነግጣል። ጭራውን ይዞ መጎተት ስሕተት ነው፤ ጠርዙ አየር ሳያሳልፍ ስለሚጣበቅ ያማል። ታቹን በሁለት ጣት ጫን ብሎ አየር ካስገቡበት በኋላ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። መጀመሪያ ላይ እጅ ደም ይነካል፤ ይህን የምትጠላ ሴት አለች፤ መብቷ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አንድ ሽንት ቤት አሥር ቤተሰብ በሚጋራበት ግቢ፣ በር የማይዘጋበት ትምህርት ቤት ውስጥ ኩባያ መቀየር ምን እንደሚመስል ማሰብ ይገባል። መፍትሔው በሰዓቱ ውስጥ ነው። ኩባያ ሳይደፋ እስከ 12 ሰዓታት ይቆያል፤ ስለዚህ ጠዋት ከቤት ሳይወጡና ማታ ሲመለሱ ደፍቶ ማጠብ ለብዙዎች ይበቃል። ብዙ የሚፈሳት ግን ቶሎ ቶሎ መድፋት አለባት። ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ የማይታለፍ ነገር ነው። ኩባያውን ለማለቅለቅ አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ለቀን ቀኑ ሽታ የሌለው ሳሙና ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው መቀቀሉ ነው። የወር አበባ ሳይጀምርና ካለቀ በኋላ ኩባያው ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል መቀቀል አለበት። ከእናት ከአባቷ ቤት የምትኖር ልጅ፣ ወይም ምድጃ ከጎረቤት ጋር የምትጋራ ሴት ድስት ጥዳ «ምንድን ነው የምትቀቅይው?» ስትባል ምን ትመልስ? ብዙዎች ተሳቀው ሳይቀቅሉ ያስቀምጡታል፤ አደጋው ያኔ ይመጣል። ለዚህ ብቻ የሚውል ትንሽ ጣሳ መያዝ ይረዳል። ከዚያ የበለጠ የሚረዳው ግን እናትየው ነገሩን ማወቋ ነው።

እናት ካወቀች ደግሞ የምትጠይቀው የታወቀ ነው፤ ክብረ ንጽሕና። ይህን ጥያቄ ኋላ ቀር ነው ብሎ መግፋት ልጅቱን ብቻዋን መተው ነው፤ በግልጽ መመለስ አለበት። በብልት መግቢያ ያለው ስስ ቆዳ ከሴት ሴት ይለያያል፤ ሰፊ ክፍተት ይዛ የምትወለድ አለች፣ በስፖርት የሚሳሳባት አለች። ኩባያ ሲገባ ሊለጠጥ ወይም ትንሽ ሊቀደድ ይችላል። ይህን ደብቆ «ምንም አይነካም» ማለት ውሸት ነው። በሌላ በኩል ያንን ቆዳ በማየት አንዲት ልጅ ከወንድ ጋር መተኛት አለመተኛቷን ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል። ልጅቱ ሁለቱንም አውቃ ትወስን። ሠርጓን የምትጠብቅና ደም ካልታየ ችግር የሚገጥማት ልጅ ሞዴሷን ብትመርጥ የሚወቅሳት ሊኖር አይገባም።

ሌላም በአገራችን ዝም ሊባል የማይችል ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ብልታቸው የተሰፋ ወይም እጅግ የጠበበ ሴቶች ኩባያ ለማስገባት በራሳቸው መሞከር የለባቸውም፤ መጀመሪያ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ሉፕ ያስገባች ሴትም እንዲሁ፤ ኩባያው ሲወጣ ክሩን ይዞ ሉፑን ከቦታው ያነሣባቸው ሴቶች ተመዝግበዋል። ማኅፀን ወደ ታች የመንሸራተት ችግር ያለባት፣ ወይም ገና አራስ የሆነች ትጠብቅ። ኩባያ እርግዝናን አይከላከልም፤ ከግንኙነት በፊትም መውጣት አለበት።

ቶክሲክ ሾክ ስለሚባለው አደገኛ ሕመምም ይጠየቃል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሚያመነጩት መርዝ ይመጣል። ታዋቂ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ ሪላይ የተባለ፣ ወደ ብልት ገብቶ ብዙ ደም የሚመጥ ታምፖን ሴቶችን ካሳመመና ከገበያ ከተነሣ በኋላ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2019 ጥናት ከኩባያ ጋር የተያያዙ አምስት ታማሚዎችን አግኝቷል፤ በዓለም ካሉት ተጠቃሚዎች አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ኩባያው ውስጥ እያለ ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ሽፍታና ራስን መሳት ከመጣ ወዲያው አውጥቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ያው ጥናት 43 ምርምሮችን አሰባስቦ ከ3,300 በላይ ሴቶችንና ልጃገረዶችን የተመለከተ ሲሆን፣ ኩባያ ከሞዴስና ከታምፖን የባሰ እንደማያፈስ፣ ከሞከሩትም 70 በመቶ ያህሉ መቀጠል እንደፈለጉ ይገልጻል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን በኔፓል ቺትዋን ወረዳ የተደረገው ነው። ኤሚሊ ኦስተርና ሬቤካ ቶርንተን የተባሉ ተመራማሪዎች 198 ልጃገረዶችን ከነእናቶቻቸው አሳተፉ፤ ግማሾቹ ኩባያ በዕጣ ደረሳቸው። ልጆቹ ወዲያው አልተጠቀሙበትም። የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ያደገው ጓደኛ ከጓደኛዋ እየተማረች ነው፤ «እንዲህ አጥፈሽ አስገቢው» የምትል እኩያ ያላት ልጅ ቶሎ ቻለችበት። ኩባያ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ችግር ይፈታል ተብሎ የተጠበቀው ግን አልታየም፤ ልጆቹ ቀድሞውንም በወር አበባ ምክንያት ብዙ አይቀሩም ነበር። ያገኙት ጨርቅ ማጠቢያ ጊዜ መቆጠብና ምቾት ነበር። ይህም ትንሽ አይደለም። ካርቶን ሙሉ ኩባያ ትምህርት ቤት አውርደው ፎቶ ተነሥተው የሚሄዱ ለጋሾች ከዚህ የሚማሩት አለ፤ ከዕቃው ጋር የምታሳይ ሰው፣ የሚዘጋ በርና መቀቀያ ጣሳ ካልመጣ ኩባያው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ለመጀመር የወሰነች ሴት የመጀመሪያውን ወር ቤት በምትውልበት ቀን፣ ሳትቸኩል ትሞክረው፤ ለጥንቃቄ ከሥር ስስ ሞዴስ ታድርግ። ለማስገባት ካስቸገራት ጠርዙን በውሃ ማርጠብ ይበቃል፤ ሲሊኮን ስለሚያበላሽ የሲሊኮን ቅባት አትቀባው። ካለቀ በኋላ ቀቅላ፣ አድርቃ፣ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ታስቀምጠው እንጂ በተዘጋ ፕላስቲክ አታፍነው። ቀለሙ ቢለወጥ አይጎዳም፤ ቢሰነጠቅ ወይም ቢያጣብቅ ግን ይጣላል። ሦስት አራት ወር ሞክራ ካልተስማማት ወደ ሞዴስ ብቻ የመመለስ ግዴታ የለባትም። ፍረወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ባቋቋመችው ማርያም ሳባ ፋብሪካ የሚሠራው እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ፍረወይኒ በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። ውሃና ሳሙና፣ የሚሰጣበትም ፀሐይ ላላት፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ለማትወድ ሴት እርሱ ይስማማታል።