አማካዩ ስንት ነው ከማለት በፊት፦ ስለ ስታቲስቲክስ መነሻ ቃላት አጭር መግለጫ

በየጊዜው በምናቀርባቸው የጥናት ጽሑፎች ውስጥ «አብዛኛው ነዋሪ»፣ «በአማካይ»፣ «ከመቶ ይህን ያህሉ» የሚሉት ቃላት ሳይገኙ የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው የተወሰነ ትርጕም አላቸው፤ ያለ ትርጕማቸው ሲነገሩም አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም ያሳስታሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሒሳብ ተማሪዎች አዲስ ነገር ለማስተማር አይደለም፤ ታሪክን፣ ሕግንና የማኅበራዊ ኑሮን ጥናት ለሚከታተሉ ጓደኞቼ የስታቲስቲክስን መነሻ ሐሳቦች በተቻለ መጠን በቀላል አማርኛ ለመግለጽ ነው።

ጽሑፉን እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የገዛ ስሕተቴ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞርሁ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ወር ወጪ ጠየቅሁ። 40 ቤት ካዳረስሁ በኋላ «የሰፈሩ ነዋሪ በአብዛኛው ኪራዩን ያለ ችግር ይከፍላል» ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፌን በክፍል ሳነብ መምህሬ «በስንት ሰዓት ሄድህ?» ብለው ጠየቁኝ። የሄድሁት ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት በር የከፈቱልኝ ጡረተኞች፣ ባለ ሱቆችና ባሎቻቸው ደኅና ደመወዝ ያላቸው የቤት እመቤቶች ነበሩ። የቀን ሠራተኛውና የጕልት ቸርቻሪዋ ገና ሳይነጋ ከቤት ወጥተዋል። ኪራዩ የሚከብደው ለእነርሱ ነበር፤ በእኔ ወረቀት ላይ ግን አልተገኙም። መደመሩ ትክክል ነበር፤ ማካፈሉም ትክክል ነበር። የተሳሳተው ከመደመር በፊት ያለው ሥራ ነው።

ሀ. ስለ ስሙ

«ስታቲስቲክ» የሚለውን ስም በ1749 እ.ኤ.አ. ለትምህርቱ የሰጠው ጎትፍሪድ አኸንቫል የተባለ ጀርመናዊ መምህር ነው። በዚያን ጊዜ ቃሉ ስለ መንግሥታት ሁኔታ የሚነገር ዕውቀት ማለት ነበር። ቁጥርን መርምሮ ስለ ሕዝብ ኑሮ የመናገር ሥራ ግን ከስሙ ይቀድማል። ጆን ግራንት የተባለ የሎንዶን ነጋዴ በከተማው ይታተሙ የነበሩትን የሞትና የጥምቀት መዝገቦች መርምሮ በ1662 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣ። አንዳንዶች በሚሊዮን ይገምቱት የነበረው የሎንዶን ሕዝብ ወደ 384,000 ያህል መሆኑን ከመዝገቦቹ ተነሥቶ አሰላ። ግራንት ሰዉን አንድ በአንድ አልቈጠረም፤ ከታወቀው ተነሥቶ ወዳልታወቀው ደረሰ እንጂ። ዛሬም የስታቲስቲክስ ዋና ሥራ ይኸው ነው።

ለ. ጠቅላላ ሕዝብና ናሙና

ልናውቀው የምንፈልገው ነገር በሙሉ ጠቅላላ ሕዝብ ይባላል። ይህ አጠራር ለሰው ብቻ አይደለም፤ በአንድ መጋዘን ያሉ ጆንያዎች ወይም በአንድ ወረዳ ያሉ ላሞችም በስታቲስቲክስ ቋንቋ ጠቅላላ ሕዝብ ናቸው። ከዚህ ውስጥ ወስደን የምንመረምረው ክፍል ደግሞ ናሙና ነው። ጠቅላላውን ሕዝብ ሳያስቀሩ መመዝገብ ቈጠራ ይባላል።

ናሙና የሚለው ቃል በነጋዴ ዘንድ የታወቀ ነው። ጤፍ የሚገዛ ብልህ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም፤ ሻጩ ንጹሑን ከላይ፣ እንክርዳድ ያለበትን ከታች አድርጎ እንደ ሆነ ለማወቅ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከሥር ዘግኖ ያያል። እኔ በጧት የጠየቅኋቸው 40 ቤቶች የጆንያው አፍ ነበሩ።

ከዚህ ለመዳን የተገኘው መንገድ ዕጣ ነው። በዕቁብ የእያንዳንዱ አባል ስም በእኩል ዕድል እንደሚወጣ ሁሉ፣ በጥናትም የእያንዳንዱ ቤት ቁጥር በዕጣ ሊወጣ ይገባል። ዕጣ የወጣበት ቤት ተዘግቶ ቢገኝ በማታ ወይም በሰንበት ተመልሶ መጠየቅ ነው እንጂ ወደ ጎረቤት አልፎ መሄድ አይገባም።

አንዳንድ ሰው «ናሙናው ብዙ ከሆነ ስሕተቱ ይጠፋል» ይላል። ይህ እንደማይሆን በአሜሪካ የታየ አንድ የታወቀ ምሳሌ ያስረዳል። በ1936 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን ለሚያህሉ ሰዎች የመጠየቂያ ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ተቀበለና ላንደን ያሸንፋል ብሎ አስታወቀ። ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነበር፤ ከ48 ግዛቶች በ46ቱ ድል አደረገ። መጽሔቱ አድራሻ ከወሰደባቸው መዝገቦች ዋነኞቹ የስልክና የመኪና ባለቤቶች መዝገቦች ነበሩ፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው የተሻለ ኑሮ ያለው ነው። ወረቀቱን ሞልተው የመለሱትም ካልመለሱት በአሳብ ይለዩ ነበር። ከዚህ እጅግ ያነሰ ናሙና የነበረው ጋለፕ ግን አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ስለዚህ ስሕተት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከዕጣ አጋጣሚ የሚመጣ ነው፤ ይህ ናሙናው ሲበዛ ይቀንሳል፣ ሆኖም በግማሽ እንዲቀንስ ናሙናው አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሁለተኛው ከአመራረጥ የሚመጣ አድልዎ ነው፤ ይህን ብዛት አያርመውም።

ሐ. ተለዋዋጭ

ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚለያየው የምንመዘግበው ነገር ተለዋዋጭ ይባላል። ዕድሜ፣ ገቢና የመሬት ስፋት በመጠን የሚለኩ ናቸው፤ ሃይማኖት፣ ሥራና የትውልድ አገር ግን በዐይነት የሚለዩ ናቸው። በዐይነት ለሚለየው ነገር ለመዝገብ እንዲመች 1፣ 2፣ 3 የሚል ምልክት ብንሰጠው እንኳ አማካይ አይወጣለትም። የቤት ቁጥሮችን ደምሮ ማካፈል ስለ ሰፈሩ ምንም እንደማያስረዳ የታወቀ ነው።

መ. አማካይ፣ ሜዲያንና ሞድ

እስቲ ሁለት መንደሮች አሉ እንበል፤ የላይ አምባና የታች አምባ። በእያንዳንዱ 10 ቤት አለ። የዓመቱ ምርት በኩንታል እንደዚህ ይሁን፤

የላይ አምባ፦ 2፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 5፣ 15፣ 40።
የታች አምባ፦ 7፣ 7፣ 7፣ 8፣ 8፣ 8፣ 8፣ 9፣ 9፣ 9።

ሁሉን ደምሮ በቤቶቹ ብዛት በማካፈል የሚገኘው አማካይ ነው። በሁለቱም መንደር ድምሩ 80፣ አማካዩ 8 ኩንታል ነው። አሁን አንድ ቤተ ሰብ ዓመቱን ለመዝለቅ 6 ኩንታል ያስፈልገዋል እንበል። አማካዩን ብቻ ያየ ሹም «ሁለቱም መንደሮች ከበቂ በላይ አላቸው» ብሎ እርዳታውን ወደ ሌላ ቦታ ቢልክ በላይ አምባ 8 ቤተ ሰብ ይራባል። ሹሙ አልዋሸም፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። ነገር ግን በአንድ ቤት ጎተራ ያለው 40 ኩንታል በወረቀት ላይ ለሁሉም ታደለ እንጂ በማዕድ ላይ አልታደለም።

ቁጥሮቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሰለፉ መኻል ላይ የሚገኘው ሜዲያን ይባላል። ቁጥሮቹ ጥንድ ከሆኑ የሁለቱ መኻለኞች አማካይ ይወሰዳል። የላይ አምባ ሜዲያን 3 ተኩል ሲሆን የታች አምባ 8 ነው። አብዝቶ የሚደጋገመው ቁጥር ደግሞ ሞድ ነው፤ በላይ አምባ 2፣ በታች አምባ 8 ይሆናል። በጣም ትልቅ የሆነ አንድ ቁጥር አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ሜዲያንን ግን እንደዚያ አይጎትትም። ስለዚህ ስለ ገቢ ወይም ስለ መሬት ስንጽፍ ሁለቱን አብሮ ማቅረብ ይገባል።

ሠ. መበተን

ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ መናገርም ያስፈልጋል። ቀላሉ መለኪያ ትልቁን ከትንሹ መቀነስ ነው፤ ይህም ሬንጅ ይባላል። በላይ አምባ 38፣ በታች አምባ 2 ነው። ይሁን እንጂ ሬንጅ የሚያየው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ስለ ሆነ ሌላ መለኪያ አለ። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ የሚርቅበትን መጠን በራሱ አባዝቶ፣ ሁሉን ደምሮ፣ በብዛታቸው አካፍሎ፣ የተገኘውን ካሬ ሥር ማውጣት ነው። ይህ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይባላል። በላይ አምባ ከ11 ኩንታል ጥቂት ይበልጣል፤ በታች አምባ ከ1 ኩንታል በታች ነው። ከናሙና ተነሥተን ስለ ጠቅላላው ስንገምት በብዛታቸው ፈንታ ከብዛታቸው አንድ በሚያንስ ቁጥር እናካፍላለን።

ረ. ነገሩ በአገራችን

ይህ ሁሉ የክፍል ጨዋታ እንዳይመስል የአገራችንን ቈጠራ እናስታውስ። በመላው ኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ አገሪቱ ሕዝብ ይነገር የነበረው በናሙና ጥናትና በግምት የተገኘ ነበር። የ1976ቱ ውጤት ወደ 42 ሚሊዮን ይደርሳል። ሆኖም በጦርነቱ ምክንያት ቈጣሪዎች ያልደረሱባቸው አካባቢዎች ስለ ነበሩ የእነዚያ ሕዝብ በግምት ተጨመረ። እንግዲህ «42 ሚሊዮን» የሚለው አንድ ቁጥር ከፊሉ ቈጠራ፣ ከፊሉ ግምት ነው። በ1987 ዓ.ም. ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ተቈጠረ። ሕገ መንግሥቱ ቈጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ቢያዝም አራተኛው ቈጠራ በጊዜው ሳይደረግ ተደጋግሞ ተላልፏል። በጀት ሲከፋፈል፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲታቀድ የሕዝብ ቁጥር ይጠየቃል፤ ያልተቈጠረ ሰው ከዕቅድ ውጪ የመቅረት አደጋ አለበት።

ዛሬ ኮምፒዩተር አማካዩንም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑንም በአንድ አፍታ ያወጣልናል። ጆንያውን ማን እንደ ሞላው ግን አይነግረንም። ስለዚህ ከእንግዲህ በዚህ መጽሔት ቁጥር ስናቀርብም ሆነ ስናነብ ሦስት ጥያቄ ብናስቀድም መልካም ይመስለኛል፤ የተጠየቁት እነማን ናቸው? እንዴት ተመረጡ? ከአማካዩ በታች ያሉት ስንት ናቸው? እኔም ወደዚያ ሰፈር በማታ ተመልሼ ጥናቱን እንደ ገና ጀምሬአለሁ። የቤቶቹን ቁጥር በዕጣ አውጥቻለሁ፤ ከወጡት ውስጥ በጧት ዙሬ ያልደረስሁባቸው በሮች ብዙ ናቸው።