ጥቅሉ የግድ ቤት ድረስ መምጣት አለበት?

ከአሽዶድ ባሕር ዳርቻ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የወደቡን ክሬኖች ሳያይ አይቀርም። ወደቡ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ወደ እስራኤል ከሚገባው መኪና፣ እህልና የኮንቴይነር ጭነት ትልቅ ድርሻ በእርሱ በኩል ያልፋል። የከተማው ነዋሪ በስልኩ ያዘዘው ጫማ ወይም የሕፃን ልብስ ግን በአብዛኛው በዚያ አይመጣም። ቀላል ጥቅል በአውሮፕላን ቤን ጉሪዮን ያርፍና በመኪና ተጭኖ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። እንግዲህ ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው፤ ከቻይና ተነሥቶ በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያቋረጠው ዕቃ ከሰፈሩ ማከፋፈያ እስከ ተቀባዩ በር ባለችው ጥቂት መንገድ ላይ ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ ወይም «አልተገኙም» ተብሎ ይመለሳል። የሰዉ ምሬት ሁሉ የሚጠራቀመው በዚህች መጨረሻ ላይ ነው። ለምሬቱ የሚቀርበው መፍትሔም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ዕቃው በትክክል ቤታችን በር ድረስ ይምጣልን ይባላል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ለአብዛኛው ሰውና ለአብዛኛው ጥቅል ከቤት በር ይልቅ በሰፈር ውስጥ ያለ፣ የሚታወቅ ሰው የሚጠብቀው መረከቢያ ይሻላል።

በመጀመሪያ የቤት በር ለምን እንደሚያስቸግር እንይ። ጥፋቱን ሻሊያሕ በሚባለው ዕቃ አድራሽ ላይ መጣል ይቀላል፤ አልደወለም፣ ደረጃ መውጣት ሰነፈ፣ ዕቃውን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ጥሎት ሄደ ይባላል። ከእነዚህ ክሶች እውነት የሆኑ አሉ። ነገር ግን በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ዕቃ አድራሹ የሚከፈለው ባደረሰው ጥቅል ብዛት ነው። ስለዚህ አንድ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት እያንዳንዷ ደቂቃ ከራሱ ኪስ የምትወጣ ናት። የአሽዶድ አቀማመጥ ደግሞ ለእንግዳ ሰው አይመችም። ከተማዋ ሮቫ አሌፍ፣ ሮቫ ቤት፣ ሮቫ ጊሜል እየተባለች በፊደል በሚጠሩ ሰፈሮች ተከፋፍላለች። በቆዩት ሰፈሮች አንድ ረጅም ሕንፃ ብዙ መግቢያ ይኖረዋል፤ መግቢያዎቹም አሌፍ፣ ቤት እየተባሉ በፊደል ይለያሉ። አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሞልቷል፤ የበሩ መክፈቻ ቁጥር ይለወጣል፤ የደወሉ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስም ከዓመታት በፊት ለቆ የሄደ ተከራይ ሊሆን ይችላል። ሻሊያሑ አንድ ጊዜ ይደውላል። ተቀባዩ ፋብሪካ ውስጥ ነው ወይም ሆስፒታል ተረኛ ነው፤ የማያውቀውን ቁጥር አያነሣም። በቃ፣ ዕቃው ተመለሰ።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ተጠያቂው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ለዕቃ አድራሹ ኩባንያ ገንዘብ የሚከፍለው ሻጩ ነው እንጂ ተቀባዩ አይደለም። ተቀባዩ ሲያማርር ኩባንያው «ሻጩን ጠይቅ» ይለዋል፤ ሻጩ ደግሞ «ዕቃው ከእኛ ወጥቷል፣ አድራሹን ጠይቅ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በዕብራይስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም በማሽን ድምፅ። ቋንቋው ለማይቀለው ሰው ይህ ቅብብል ብቻውን ዕቃውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ከኢትዮጵያ በመጣው ማኅበረሰባችን ላይ ደግሞ የስም ጣጣ ይጨመራል። በአገር ቤት ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይታወቃል። ወደ እስራኤል ሲገባ ግን የቤተሰብ ስም ተጠየቀ፤ በብዙዎች መዝገብ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገባ፤ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸውም ብዙ ናቸው። እናት በሰፈር በአንድ ስም ትጠራለች፣ በመታወቂያዋ በሌላ ስም ትመዘገባለች፤ ልጅ ዕቃውን ሲያዝላት ደግሞ በላቲን ፊደል በሦስተኛ ዓይነት አጻጻፍ ያስገባዋል። ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት መልክ ሊጻፍ ይችላል። መታወቂያ አይቶ ዕቃ የሚያስረክብ ሰው ሦስቱን ስም ማገናኘት ግዴታው አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማንም ሲያዝ ስሙን በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረ፣ ፊደል ሳይቀንስ ይጻፍ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በስንት ቤት ጥቅል እንዳስመለሰ ግን ማሰብ ነው።

አሁን ወደ መረከቢያው ልመለስ። ለኢትዮጵያዊ ዕቃን ሄዶ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ ባለው ረጅም ዘመን የተለመደው አሠራር ፖስተኛ በር እያንኳኳ ማደል አልነበረም፤ ፖ.ሳ.ቁ. ብሎ መጻፍና ሄዶ ሣጥን መክፈት ነበር። የራሱ ሣጥን የሌለው በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በዘመድ ሣጥን ይጠቀም ነበር። ፖስታ ቤት በሌለበት ደግሞ ዕቃ የሚላከው በሰው እጅ ነው። በርበሬው፣ ገንዘቡ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ በአውቶቡስ በሚሄድ መንገደኛ ይላካል፤ ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ ቴል አቪቭ የሚበር ሰው ሻንጣ ውስጥ የሌላ ሰው አደራ አይጠፋም። ይህ መንገድ ቀርፋፋ ነው፣ ክትትል የሚባል ቁጥር የለውም፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይደርሳል። የሚደርስበት ምክንያት ተሸካሚው ስም ስላለው ነው። ዕቃው ቢጠፋ ማን ቤት ሄዶ መጠየቅ እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል። የዘመኑ የቤት ለቤት ማድረስ ያጣው ይህንን ነው። ጥቅሉን በር ላይ ጥሎ የሄደውን ሰው ማንም አያውቀውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ነው የሚመጣው።

በእስራኤል የደብዳቤው ቁጥር እያነሰ፣ የኢንተርኔት ግዢው ግን እየጨመረ ሲሄድ ፖስታም ሆነ የግል ኩባንያዎች ጥቅል የሚረከቡባቸውን ቦታዎች በሰፈር ሱቆች አበዙ። ማኮሌት የሚባለው ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር፣ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው፣ የስልክ ጥገናው የጥቅል ማከማቻ ሆነ። ሰው ይህን እንደ ውርደት አየው፤ «ለምን እኔ እሄዳለሁ?» አለ። ሆኖም በዚህ መንገድ ከእኛ ቀድመው የሄዱ አሉ። ጀርመን የጥቅል ሣጥኖችን እ.ኤ.አ. በ2001 መሞከር ጀመረች። በፖላንድ ኢንፖስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመራቸው ራሳቸውን የሚከፍቱ ሣጥኖች ዛሬ ከሃያ ሺሕ በልጠዋል፤ የአገሩ ሰውም በፈቃዱ ይመርጣቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ መኪና አንድ ቦታ ቆሞ ብዙ ጥቅል ሲያራግፍ ወጪው ይወርዳል፣ «አልተገኙም» የሚባል ነገር አይኖርም፣ ተቀባዩም ሻሊያሕ ይመጣል ብሎ ግማሽ ቀን ቤቱ አይታሰርም። በአሽዶድ ያለው ሱቅ ከፖላንዱ ሣጥን የሚሻልበት ነገር አለው። ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ባለሱቁ ግን ደንበኛውን በመልኩ ያውቃል፣ የልጅ ልጁን ያውቃል፣ መልእክቱ ቢጠፋ እንኳ ዕቃውን ከመደርደሪያ ፈልጎ ያወጣል። ሰዎች ስለ ማድረስ የሚያመሰግኑት ነገር ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ አለዚያም ያንኑ ሰፈር ለዓመታት የሚሠራ፣ ስልክ ደውሎ የሚጠብቅ አንድ ሻሊያሕ።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ለቤት ማድረሻ ከፍያለሁ» የሚለው ነው። ይህ ፍጹም ትክክል ነው። እስከ ቤት ተብሎ ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ ሳይጠይቁ ወደ ሱቅ ማዞር ውል ማፍረስ ነው። የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ፤ እንደ እርሱ ከሆነ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በውሉ ጊዜ ካልቀረበ ወይም ጉድለት ከተገኘበት ገዢው ያለ ምንም የስረዛ ክፍያ ግዢውን መሰረዝ ይችላል። ያለ ምክንያት ሐሳቡን ለመቀየርም ዕቃውን ከተረከበ በኋላ 14 ቀን አለው፤ ያን ጊዜ የሚከፍለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፤ ዕድሜው 65 የሞላ፣ የአካል ጉዳት ያለበት፣ እንዲሁም የኦሌ (የአዲስ ገቢ) ምስክር ወረቀቱን ካገኘ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ግዢው በንግግር፣ በስልክ መልእክት ልውውጥም ቢሆን፣ የተፈጸመ ከሆነ 14 ቀኑ ወደ አራት ወር ይሰፋለታል። በቅርብ ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የገቡት ወገኖቻችን ሊያውቁት የሚገባ መብት ነው። ከውጭ አገር ሻጭ በቀጥታ የተገዛ ዕቃ ላይ ግን ይህን ሕግ ማስፈጸም ይከብዳል፤ እዚያ የሚረዳው የገበያው ድረ ገጽ የራሱ የመመለሻ ደንብ ነው። እኔ የምለው ግን ይህን ሁሉ አያፈርስም፤ በሐቅ ይመረጥ ነው የምለው። የመረከቢያ ቦታ ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ያለ ወይም በነጻ ነው። ለማይመጣ ሻሊያሕ ተጨማሪ ከመክፈል ለሚያውቁት ባለሱቅ መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ሦስት ፎቅ ወርደው መውጣት የማይችሉ አረጋውያንስ? ማጠቢያ ማሽን ወይም ፍራሽ የገዛስ? ለእነዚህ መረከቢያ መፍትሔ አይደለም፤ ለእነርሱ የቤት ማድረስ ይቅር የሚል ካለም ይሳሳታል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ዛሬ ሻሊያሑ እነዚህን ሰዎች የሚያጣቸው ጤነኛ ወጣት ያዘዛቸውን ትንንሽ ፖስታዎች ሁሉ በየበሩ ሲያሳድድ ነው። ቀላሉ ጥቅል ወደ ሰፈር መረከቢያ ቢሄድ፣ በር ድረስ መሄዱ ለሚያስፈልገው ሰው ጊዜ ይተርፋል፤ አስቀድሞ መደወል፣ ሰዓት መስማማት፣ ደረጃ መውጣት ይቻላል። አረጋውያኑን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። በብዙ ቤት የጥቅሉ መልእክት የሚደርሰው በልጅ ስልክ ነው፤ ወላጅ ለራሱ ለገዛው ዕቃ የልጁን መመለስ ይጠብቃል። የተጻፈ ኮድ የማያነብ ሰው እንኳ መታወቂያውን ይዞ ወደሚያውቀው ሱቅ ቢሄድ ራሱን የቻለ ነው። በር ድረስ መምጣት ሁልጊዜ ክብር አይደለም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፣ ጥቅሉ በውኃ ካርቶን መካከል ይከመራል፣ ዓርብ ከሰዓት ይዘጋሉ፣ ባለሱቁ የሚያገኘው ክፍያ ትንሽ ስለሆነ አንዳንዱ ይሰላቻል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ግን በክፍያና በቁጥጥር ይስተካከላል። ያልታወቀ ሰው በማያውቀው ሕንፃ ውስጥ መጥፋቱ ግን በቁጥጥር አይስተካከልም። እርግጥ ማንም የማያስተካክለው መዘግየትም አለ። በሰኔ 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነት ቤን ጉሪዮን ለቀናት ለመደበኛ በረራ ሲዘጋ የቆመውን ጥቅል በሻሊያሕ ማሳበብ አይቻልም።

መረከቢያን የማበረታታበት ሌላው ምክንያት ማጭበርበር ነው። «ጥቅልዎ ቆሟል፣ ጥቂት ሼቄል ይክፈሉ» የሚል አጭር መልእክት በፖስታ ስም ይላካል፤ ማያያዣውን የነካ ሰው የክሬዲት ካርድ ቁጥሩን አሳልፎ ይሰጣል። የአገሪቱ የሳይበር ባለሥልጣን ስለዚህ በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል፤ በ119 ቁጥርም ጥቆማ ይቀበላል። ይህ ማጭበርበር የሚሠራው ሰዉ ዕቃው የት እንዳለ ስለማያውቅና ማንን መጠየቅ እንዳለበት ስለማይገባው ነው። ሱቁን የሚያውቅ ሰው መልእክቱን ለባለሱቁ አሳይቶ «ይህ የእናንተ ነው?» ይላል።

ስለዚህ ለአሽዶድ ማዘጋጃ ቤትና ጥቅል ለሚያመላልሱ ኩባንያዎች የማቀርበው ጥያቄ አለ። ማትናስ የሚባሉት የማኅበረሰብ ማዕከሎች በየሮቫው አሉ፤ አረጋውያን ይሰበሰቡባቸዋል፣ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛም ሊመደብባቸው ይችላል። የጥቅል መረከቢያ እዚያ ይከፈት፤ በሳምንት ሁለት ምሽት እስከ ማታ ክፍት ይሁን፤ መውረድ ለማይችል ሰው ዕቃውን ቤቱ የሚያደርስ ወጣት ይመደብ፣ ይከፈለውም። አንባቢም ካርዱን ከማስገባቱ በፊት «የማድረሻ መንገድ» የሚለውን መስመር ያንብብ፤ ስሙን እንደ መታወቂያው ይጻፍ፤ የሰፈሩ መረከቢያ ዓርብ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋም አስቀድሞ ይጠይቅ።