«ከ» እና «ተ»፦ የአንድ መስተዋድድ ፍች፣ አገልግሎትና አመጣጥ ከላስታ አማርኛ አንጻር

መግቢያ

የአማርኛ መስተዋድዶች በቁጥር ጥቂት፣ በአገልግሎት ግን ብዙ ናቸው። ከእነርሱም መካከል «ከ» በፍቹ ስፋት የተለየ ትኩረት የሚጠይቅ ነው። በተለምዶ መነሻን የሚያመለክት ተብሎ ይፈታል፤ ይሁን እንጂ መድረሻን፣ መገኛን፣ ማወዳደሪያን፣ አብሮነትንና ሁኔታንም ያመለክታል። በላስታ ደጋማ አካባቢ ደግሞ በዚሁ መስተዋድድ ስፍራ «ተ» ይነገራል። ይህ ጽሑፍ የ«ከ»ን ልዩ ልዩ ፍችዎች የሚያስተሳስረው ምን እንደሆነ፣ ከግእዝ መስተዋድዶች ጋር ሲነጻጸር ምን ስፍራ እንደያዘ፣ እንዲሁም የላስታው «ተ» የቃል ማስረጃ ለሚሰበስብ ተመራማሪ ምን ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያብራራል። የቀረቡት ዓረፍተ ነገሮች ለማብራሪያ የተዘጋጁ ናቸው።

መነሻ ወይስ ማጣቀሻ?

«ዲያቆኑ ከቤተ ጊዮርጊስ ወጣ»፣ «ዲያቆኑ ከቤተ ጊዮርጊስ ገባ»፣ «ዲያቆኑ ከቤተ ጊዮርጊስ ቆመ» የሚሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ማነጻጸር ይቻላል። በመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያኑ መነሻ፣ በሁለተኛው መድረሻ፣ በሦስተኛው መገኛ ነው። መስተዋድዱና ስሙ ግን አልተለወጡም፤ የተለወጠው ግሡ ብቻ ነው። እንግዲህ አቅጣጫውን የሚወስነው «ከ» ሳይሆን ግሡ ነው ማለት ነው። «ከ» በራሱ የሚያደርገው አንድን ነገር ማጣቀሻ አድርጎ መትከል ነው፤ ከዚያ መራቅን፣ ወደዚያ መቅረብን ወይም በዚያ መጽናትን የሚናገሩት ሌሎች ቃላት ናቸው። «ከገበያ ሄደ» የሚለው አነጋገር ለአንዱ ሰሚ ከገበያ መነሣትን፣ ለሌላው ወደ ገበያ መሄድን ሊያሳስብ የሚችለውም «ሄደ» እንደ «ወጣ» እና እንደ «ገባ» አቅጣጫን ቆርጦ ስለማይናገር ነው። የዛሬው የጽሕፈት አማርኛ ለመድረሻ «ወደ»ን፣ ለመገኛ «በ»ን እየመረጠ በመሄዱ «ከ» መነሻን ብቻ የሚናገር መስሎ ይታያል። «ከቤት ገባ»፣ «ከደጅ ቆመ»፣ «ከገበያ ዋለ» የመሳሰሉት አነጋገሮች ግን ሰፊው አገልግሎት አሁንም ሕያው መሆኑን ይመሰክራሉ።

ከአለት ወይስ በአለት?

የመስተዋድድ ምርጫ የትርጉም ብቻ ሳይሆን የእውነትም ጉዳይ እንደሚሆን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጥሩ ማሳያ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ ዙሪያውን የተለየ፣ ጣራውም ከአካባቢው መሬት ጋር የተስተካከለ ሕንጻ ነው። ስለዚህ «ከአለት የተፈለፈለ» መባሉ ትክክል ነው፤ አለቱ ሕንጻው የወጣበትና የተለየበት ማጣቀሻ ነውና። «በአለት የተሠራ» ቢባል ግን ድንጋይ ተጠርቦና ተደርድሮ የቆመ ግንብ ሊመስል ይችላል፤ «በአለት ላይ የተሠራ» ቢባል ደግሞ ሥራው ፈጽሞ ይዛባል።

የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው። ይህ ሕንጻ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ የታነጸ ነው። እዚህ ላይ «በ» የሚሠራበትን ነገር፣ «በ…ውስጥ» ደግሞ ስፍራውን ያመለክታሉ፤ «ከዋሻ የተፈለፈለ» ማለት ስሕተት ይሆናል። ቤተ አባ ሊባኖስ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ግድግዳዎቹ ከአለቱ ተለይተዋል፣ ጣራው ግን ከላይኛው አለት ጋር እንደተያያዘ ነው። በዚህ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንዱ «ከ» ለመለየት፣ ሌላው «ከ» ለመያያዝ ማገልገሉ ልብ ሊባል ይገባል። ልዩነቱን ያመጡት «ተለይተዋል» የሚለው ግሥ በአንድ ወገን፣ «ጋር…እንደተያያዘ» የሚለው አገላለጽ በሌላ ወገን ናቸው። የቅርስ መዝገብ የሚያዘጋጅ ወይም የሚተረጉም ሰው እነዚህን መስተዋድዶች ቢያቀያይር የሚለወጠው የአነጋገር ውበት ሳይሆን የሕንጻው ዓይነት ነው።

መለኪያና ሁኔታ

አማርኛ ለማወዳደሪያ የሚሆን ልዩ የቅጽል ቅርጽ የለውም፤ ይህን ሸክም የተሸከመው «ከ» ነው። «የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከላሊበላ ከተማ ይልቃል» ሲባል ከተማዋ መለኪያ ሆና ትቆማለች። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር፣ ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው፤ «ከ4,200 ሜትር በላይ» በሚለው ሐረግም ቁጥሩ ራሱ ማጣቀሻ ሆኗል። በጊዜ ላይ ሲውልም አሠራሩ ያው ነው፦ «ከጠዋት ጀምሮ»፣ «ከበዓሉ በፊት»፣ «ከበዓሉ በኋላ»።

«ከ» ግሥ ላይ ሲቀጠል ደግሞ ድርጊት ማጣቀሻ ይሆናል። «ከመጣ ሦስት ቀን ሆነው» በሚለው መምጣቱ የጊዜ መቁጠሪያ ነው፤ «ከመጣ ንገረው» በሚለው መምጣቱ የሚቀጥለው ነገር የሚመሠረትበት ሁኔታ ነው፤ «ከሚሄድ ቢቆይ ይሻላል» በሚለው መሄዱ የሚበለጥ አማራጭ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ከመደርደር ይልቅ አንዱ ማጣቀሻነት በጊዜ፣ በሁኔታና በንጽጽር ሲገለጥ ማየት የተሻለ ማብራሪያ ይሰጣል።

ከግእዝ ጋር ሲነጻጸር

ላሊበላ ቅዳሴው በግእዝ፣ የዕለት ንግግሩ በአማርኛ የሚሰማባት ከተማ ናት። ገድለ ላሊበላም የተጻፈው በግእዝ ሲሆን፣ በዡል ፔሩሾን አዘጋጅነት በ1892 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር የታተመ ንባብ አለው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ከ» የአንድ የግእዝ ቃል ምትክ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። «እም» ወይም «እምነ» ለመነሻና ለማወዳደሪያ፣ «ኀበ» ለመድረሻና ለመገኛ፣ «ምስለ» ለአብሮነት ያገለግላሉ፤ አማርኛው ለሦስቱም «ከ»ን ሊጠቀም ይችላል። በድምፅ ግን «ከ» የ«እም» ተወላጅ አይደለም። በቀደሙ የአማርኛ ጽሑፎች «ኸ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ በትግርኛም መነሻንና ማወዳደሪያን የሚያመለክተው «ካብ» በድምፅም በአገልግሎትም ይቀርበዋል።

ሁለተኛው ልዩነት የቃል ቅደም ተከተል ነው። ግእዝ «ታሕተ»፣ «ቅድመ»፣ «ድኅረ» እያለ መስተዋድዱን ከስሙ በፊት ያኖራል፤ አማርኛ ግን ስሙን በሁለት ወገን አቅፎ «ከዛፉ በታች»፣ «ከበሩ ፊት»፣ «ከእርሱ በኋላ» ይላል። ስሙን ተከትሎ የሚመጣው ክፍል በኩሽ ቋንቋዎች የተለመደውን ሥርዓት ይመስላል። ዎልፍ ሌስላው በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ መርምሯል። ላስታ ከዋግ ጋር የሚዋሰን፣ የአገው ሕዝብ ታሪክ የጸና አካባቢ ነው፤ በዋግ ኽምጣና እስከ ዛሬ ይነገራል። ስለዚህ ይህ አካባቢ ለዚህ ዓይነቱ የቋንቋ ንክኪ ጥናት ተፈላጊ መስክ ነው።

የላስታው «ተ»

በላስታና በቀረው ወሎ፣ እንዲሁም በጎንደርና በጎጃም አንዳንድ አካባቢዎች «ተየት መጣህ?»፣ «ተላሊበላ»፣ «ተዚህ ወዲያ»፣ «ተኔ ጋር»፣ «ተመጣ ንገረው» ሲባል ይሰማል። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ እንደ ስሕተት ወይም እንደ አፍ መፍታት ጉድለት ይቆጠራል። የድምፁ አጠቃቀም ግን ሥርዓት ያለው መሆኑን ያሳያል። «ከተማ»፣ «ከብት»፣ «ከሰል» በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለው «ከ» አይለወጥም፤ ተናጋሪው «ተከተማ መጣሁ» ይላል እንጂ የከተማን ስም አይነካም። እንግዲህ ልዩነቱ የአጠቃላይ የድምፅ ለውጥ ሳይሆን የአንድ መስተዋድድ ልዩ ቅርጽ ነው። ተናጋሪው የትኛው «ከ» መስተዋድድ፣ የትኛውስ የቃሉ አካል እንደሆነ ለይቶ ያውቃል።

አስቸጋሪው ነገር «ተ» የተደራጊ ግሥ ምልክትም መሆኑ ነው። «ተሰበረ» ማለት «መሰበር ደረሰበት» ሊሆን ይችላል፤ በላስታ ደግሞ «ከሰበረ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በድምፅ አይለያዩም። ብዙ ጊዜ ተሳቢውን የሚያመለክተው «ን» ይረዳል፤ «ማሰሮው ተሰበረ» እና «ማሰሮውን ተሰበረ ይከፍላል» በዚህ ይለያሉ። ሁልጊዜ ግን አይበቃም። «ዋጋውን ተከፈለ» የሚለው ቃል ብቻውን ቢሰማ «ዋጋው ተሰጠው» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በላስታ አነጋገር ደግሞ «ዋጋውን ከከፈለ» ይሆናል። በአንደኛው ክፍያው ተፈጽሟል፤ በሁለተኛው ገና ሁኔታ ነው፣ ከፋዩና ተከፋዩም ተለዋውጠዋል። የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ በዚያ ማብቃቱ ወይም መቀጠሉ ነው። ግሡ ራሱ ተደራጊ ሲሆን ሁለቱ «ተ» ተከታትለው «ተተሰበረ» ይባላል፤ ይኸውም «ከተሰበረ» ማለት ነው።

ማጠቃለያ

«ከ» ብዙ ያልተዛመዱ ፍችዎችን የያዘ ቃል ሳይሆን ማጣቀሻን የሚተክል አንድ መስተዋድድ ነው፤ የቀረውን ግሡና ስሙን የሚከተለው ቃል ይሞሉታል። የላስታው «ተ» ይህንኑ አገልግሎት በሌላ ቅርጽ ይፈጽማል። ስለዚህ የቃል ምስክርነት፣ የውል ቃል ወይም የአካባቢ ታሪክ የሚቀዳ ተመራማሪ የተነገረውን «ተ» እንዳለ ጽፎ ፍቹን በጎን ቢያሰፍር ይመረጣል። ሁሉንም ወደ «ከ» የመለሰ ቀጂ የአካባቢውን አነጋገር ከመዝገብ ያጠፋል፤ ሁሉንም ተደራጊ ግሥ አድርጎ ያነበበ ደግሞ ያልተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ፣ ከፋዩንም እንደ ተከፋይ ይመዘግባል።