«አልተመረጥክም» ማለት «አትረባም» ማለት አይደለም

እዚህ ካኩማ የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሰሌዳው ሥር ምን ያህል ሰው እንደሚሰበሰብ ሁላችንም እናውቃለን። የሚፈለገው አንድ አስተማሪ ወይም አንድ አስተርጓሚ ነው፤ ማመልከቻ የሚያስገባው ግን መዓት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተመረጡት ስም ይለጠፋል። ስሙን ያጣው ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገምበት ደግሞ «እኔ ድሮም አልረባም» ማለት ይጀምራል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ለአንድ ቦታ 50 ሰው ቢያመለክት 49ኙ የግድ ይቀራል። ታዲያ 49ኙ ሁሉ ሰነፍ ነው ልንል ነው? በዚያ ላይ እኛ ስደተኞች ነን። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ሠርተን የመኖር መብት ሰጥቶናል፤ የሥራ ፈቃዱ ግን በአብዛኞቻችን እጅ የለም። ስለዚህ ካምፕ ውስጥ ባለችው የኢንሴንቲቭ ሥራ ላይ ሁላችንም እንረባረባለን። በሩ ጠባብ መሆኑ የእኛን ማነስ አያሳይም።

ሥራ ማጣት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በኦስትሪያ፣ ማሪየንታል በምትባል የፋብሪካ መንደር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተጠንቷል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተዘግቶ መንደርተኛው ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። አጥኚዎቹ ያዩት ነገር ያስገርማል። ሰዉ ጊዜ ተርፎት ሳለ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መዋሱን ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ እየቆሙ ያዘግሙ ነበር፤ የእጅ ሰዓት ማሰርም ተዉ። ከአጥኚዎቹ አንዷ ማሪ ያሆዳ ኋላ በፖለቲካ ምክንያት ታስራ፣ በ1937 አገሯን ለቃ እንግሊዝ ገባች። እሷም እንደኛው ስደተኛ ሆነች ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ሥራ ማጣት የሚወስድብን ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ነው። የቀኑንም መልክ ይወስድብናል። እስከ ረፋዱ መተኛት፣ ከሰው መሸሽ፣ ሲከፋም መጠጥና ጫት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሥራ ባይኖርም የመነሻ ሰዓታችንን አንልቀቅ። ጠዋት ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ የሚሄዱበት ቦታ ይኑር። የሰፈር ልጆችን አንድ ሰዓት ማስጠናት፣ እንግሊዝኛ ወይም ስዋሂሊ መማር ቀኑን ያቆመዋል። ለሚቀጥለውም ማመልከቻ የሚጻፍ ነገር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስንቀር ምክንያቱን በትሕትና እንጠይቅ። አንዳንዴ የጎደለው የአንድ ሰርተፊኬት ኮፒ ሆኖ ይገኛል። ምላሽ ባይሰጡን እንኳ ኢንተርቪው ላይ የተጠየቅነውን ሳንረሳው ደብተር ላይ እንጻፈው።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንፈልግ። ሦስት አራት ሆነን ማስታወቂያ ብንነጋገር፣ አንዱ የሌላውን ሲቪ ቢያነብለት፣ ለኢንተርቪው ብንለማመድ ሁላችንም እንጠቀማለን። ጓደኛችን ሲያልፍ ከልብ «እንኳን ደስ አለህ» እንበለው፤ ነገ ስለ ክፍት ቦታ ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ ማስጠላቱና ተስፋ መቁረጡ ሳምንታት ከቆየ ግን ወደ ክሊኒክ ሄዶ መንገር ያስፈልጋል። ይህ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ለቤተሰብ አንድ ቃል አለን። አባወራው ወይም እማወራዋ ከኢንተርቪው ሲመለሱ ገና በር ላይ «ምን አሉህ? ምን አሉሽ?» አንበል። መጀመሪያ ውሃ ይቅረብ፣ ሻይ ይፈላ። በልጆች ፊት «የእገሌ አባት ተቀጠረ» እያልን አናወዳድር። ልጆቻችን የወላጃቸውን ክብር የሚለኩት በኢንሴንቲቭ ሳይሆን፣ እኛ እርስ በርስ በምንነጋገርበት አንደበት ነው።