አረጋውያንን ከምድጃ ዳር ስለ ማስቀመጥ

በ2012 ዓ.ም. በወርኃ መጋቢት ስለ ሆነው ነገር ዛሬ እንደ ገና ብናነሣ ያለፈ ወሬ የምንደግም አይምሰላችሁ። የበሽታው ድንጋጤ አልፏል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይነቱ ማብቃቱን አስታውቋል። ዳሩ ግን በዚያ ጊዜ በየቤታችን የጀመርነው አንድ ልማድ ከበሽታው ጋራ አብሮ አላለፈምና፥ ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ አሰብን። ይኸውም ሽማግሌንና አሮጊትን ከምድጃ ዳር አስቀምጦ እንዳይነሡ መከልከል ነው።

የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ለ5 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ፥ እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ሰላምታ መስጠት ተከለከለ፤ ሰውና ሰውም በሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል እንዲራራቅ ታዘዘ። እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆናችን መጠን የሕግን ቃል መላልሶ የማንበብ ልማድ አለንና፥ ይህን ቃል ከጊዜ በኋላ ስናነበው አንድ ነገር አስተዋልን። አዋጁ እርምጃን መለኪያ አደረገው እንጂ መራመድን አልከለከለም። ጥቂት ከተሞች ለአጭር ጊዜ ከመዘጋታቸው በቀር፥ ሰው ብቻውን በሜዳ ወይም በግቢው ውስጥ እንዳይሄድ ያዘዘ ማንም አልነበረም። ያልተጻፈውን ክልከላ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ላይ የጨመርነው እኛው ልጆቻቸው ነን።

በሞላሌና በዙሪያዋ ባለው በመንዝ ማማ ምድር ደጋ፥ ስፖርት ሲባል የተማሪና የወታደር ሥራ ተደርጎ ይቈጠራል። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ማለዳ ተነሥቶ ሲሮጥ ቢታይ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ‹‹ምን አገኘው?›› ብሎ ከቤቱ መውጣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የአገራችን ሽማግሌ የነገሩን ስም ሳያውቅ ከብዙ ወጣት የበለጠ ይንቀሳቀስ ነበር። ሌሊት ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ቅዳሴውን መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ከዚያም ለቅሶ ይደርሳል፥ ማኅበር ይጠጣል፤ በገበያ ቀንም በግ እየነዳ ወይም ገብሱን በአህያ ጭኖ ይሄዳል። ሴቲቱ ደግሞ ውኃ ትቀዳለች፥ ኩበት ትለቅማለች፥ እህል ትወቅጣለች። ባና የሚሠራው ሸማኔ እንኳ ተቀምጦ የሚውል ይመስላል እንጂ፥ እግሮቹ ከጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ሲረግጡ ይውላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ስግደት እንናገር። በዐቢይ ጾም፥ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማት፥ የሚሰግደውን አረጋዊ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ከመቆም ወደ መንበርከክ፥ ከመንበርከክ ግንባርን መሬት እስከ ማስነካት፥ ከዚያም እንደ ገና ወደ መቆም ሲመላለስ ያየዋል። ይህም ጭንን፥ ወገብንና ክንድን በአንድነት ያሠራል። ነገሩ ጸሎት ነው እንጂ ጅምናስቲክ አይደለም፤ ሰውነት ግን ይህን ለይቶ አያውቅም። እኛ ራሳችን በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት ሳለን ደበሎ ለብሰን ቁራሽ ስንለምን ከውሻ እየሸሸን የሮጥነው ሩጫ፥ በኋላ በሚሲዮን ተማሪ ቤት መምህራችን በፉጨት ሰልፍ አሰልፎ ካሠራን ጅምናስቲክ ይበልጥ እንደ ነበር አሁን ይገባናል።

በሽታው እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ቈረጣቸው። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነበር፤ ሕዝቡም ከወትሮው ተለይቶ በየቤቱ ሆኖ እንዲጸልይ ተነገረው። ለቅሶው፥ ማኅበሩ፥ ዕድሩ ሁሉ ቀረ። በ1911 ዓ.ም. ወርዶ ስለ ነበረው ስለ ኅዳር በሽታ አያቶቻችን የነገሩን ትዝ ሲለን ፍርሃታችን ተባሰ። በሽታው በሸመገሉት ላይ እንደሚበረታ ሐኪሞች ሲናገሩ መስማታችንም እውነት ነበር፤ በዚህ አልተሳሳትንም።

እናታችን በዚያ ጊዜ 73 ዓመታቸው ነበር። ከወንድማችንና ከእኅታችን ጋራ ተማክረን ከደጅ እንዳይወጡ ቈረጥን። ውኃውን ልጆች እንዲቀዱ፥ ኩበቱን ሌላ ሰው እንዲለቅም አደረግን፤ እንዝርታቸውንና የበግ ጠጕራቸውን ሳይቀር እመደቡ ላይ አቀረብንላቸው። አጎዛ አንጥፈን፥ ባና ደርበን፥ እሳት አንድደን አስቀመጥናቸው። ለመነሣት ሲሞክሩም የወንድማችን ሚስት ‹‹እማምዬ፥ ይቀመጡ እንጂ! እኔ አለሁ አይደለም?›› ትላቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ቀጠሮውን አስተላልፎ ነበርና፥ እኛም ከቤት ውለን ጥበቃውን እንቈጣጠር ነበር። ይህንም ሁሉ እናትን እንደ መጦር ቈጠርነው።

ሁለት ወር ከመንፈቅ ያህል አለፈ። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማለዳ እናታችን ከመደቡ ሊነሡ ሲሉ ጕልበታቸው ከዳቸውና ወደ ምድጃው አዘነበሉ። ምራታቸው ፈጥና ባትይዛቸው ኖሮ በእሳቱ ላይ ይወድቁ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሳይደግፋቸው ከደጃፍ እስከ ግቢው ካብ መድረስ አልቻሉም። በየካቲት ወር እኮ ከወፍጮ ቤት እህላቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጥተዋል! ‹‹ልጄ፥ እግሬ የኔ አልመስልህ አለኝ›› አሉን። ትኩሳት የለባቸው፥ ሳል የለባቸው፤ በሽታው በደጃችን አላለፈም። እናታችንን የጎዳናቸው እኛ ነን።

ወደ ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ነርሱ መርምሮ የነገረን እንዲህ ነው። የሰው ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይሟሽሻል። ወጣት ዐሥር ቀን ተኝቶ ቢነሣ ያጣውን ቶሎ ይመልሳል፤ የሸመገለ ሰው ግን የሚያጣው ብዙ፥ የሚመልሰውም በብዙ ድካም ነው። ጕልበት ሲደክም ሚዛን ይጠፋል፤ ሚዛን ሲጠፋ መውደቅ ይመጣል፤ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ አረጋዊም ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው አካሄዱ አይመለስም። ተቀምጦ መዋል የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያባብሳል፤ እንቅልፍን ይነሣል፥ ሆድን ያደርቃል፥ ሐሳብንም ያበዛል። በዚህ ላይ በእኛ አገር ከምድጃ ዳር መዋል ማለት የኩበት ጢስ ሲምጉ መዋል መሆኑን አንርሳ፤ ለሳንባ የሚፈራ በሽታ በመጣበት ጊዜ እናታችንን በጢስ ውስጥ አስቀምጠን ነበር።

ተቀምጦ መዋል የሚጎዳው የሸመገለውን ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ጄሪ ሞሪስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በሎንዶን አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች መርምሮ ነበር። አውቶቡሶቹ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው፤ ነጂው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ቲኬት ቈራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ በሽታ ከቲኬት ቈራጮቹ ይልቅ በነጂዎቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ይህን ባነበብን ጊዜ በመዝገብ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጥንባቸውን ዓመታት ቈጥረን ደነገጥን፤ እኛ ከነጂዎቹ ወገን ነንና።

የሸመገለ ሰው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ያየነውም በዚያው በበሽታው ወራት ነው። ቶም ሙር የሚባሉ የ99 ዓመት እንግሊዛዊ ጡረተኛ የጦር መኰንን፥ በግቢያቸው ውስጥ በተሽከርካሪ መደገፊያ እየተረዱ 100 ዙር ለመሄድ አሰቡ። ሚያዝያ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. 100ኛውን ዙር ፈጸሙ፤ ሥራቸውን ያየው ሕዝብም ለአገሩ የሕክምና ድርጅት ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ አዋጣ። ከግቢያቸው አልወጡም፤ ማንንም አልተጠጉም፤ ተራመዱ እንጂ። ከራሳችንም አገር ምስክር አናጣም። ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ፥ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርን ተማረና በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ከሌሎች ጋራ ተወዳደረ። እግር ለሌለው ክንድ አለው፤ እናታችን ደግሞ ሁለቱም ነበራቸው።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በተወሰነ እሑድ መንገዱን ከመኪና ነፃ አድርጎ ሰው እንዲራመድበት ማድረግ ተጀምሮ ነበር። መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ስለ ሆነ ለበሽታ ወራት የሚመች አይደለም፥ ለሞላሌ አሮጊትም ሩቅ ነው። ስለዚህ እኛ በግቢያችን ሌላ ዘዴ ፈለግን።

ከደጃፉ እስከ ካቡ ደርሶ መመለስ 80 እርምጃ ያህል ነው። እናታችን በኪሳቸው ጠጠር ይዘው አንድ ጊዜ በተመለሱ ቍጥር አንዱን ጠጠር በጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጠጠር ጣሉ፤ ሁለተኛውን ሲጥሉ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ዐሥር ደረሱ። ዝናምና ጕም በሆነ ቀን በቤት ውስጥ ምሰሶውን ይዞሩ ነበር። ከዚህ ሌላ በጧትና በማታ እጃቸውን ሳይደገፉ ከመደቡ አምስት አምስት ጊዜ እንዲነሡና እንዲቀመጡ፥ የበሩንም መቃን ይዘው በአንድ እግር ዐሥር እስኪቈጠር እንዲቆሙ ነርሱ አስተማራቸው። ይህ የመጨረሻው ለሚዛን ነው፤ በአጠገባቸውም ሁልጊዜ ሰው ይቆም ነበር። ውኃውም በግማሽ ጆግ ተጀምሮ እንደ ቀድሞው በእርሳቸው እጅ ይመጣ ጀመር። ምራታቸው በዚህ መጀመሪያ ተቈጥታ ነበር፤ ሰው ቢያያት አማቷን እንደ አገልጋይ የምታሠራ ይመስለዋል ብላ ፈርታ ነው። እውነትም አንድ ጎረቤት እንዲሁ ብሎ አምቷታል።

የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን የተራመደ ሰው 150ውን ሞላ ማለት ነው። 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ ይህ እንዳለ ሆኖ፥ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ኀይልን የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨምሩ ያሳስባል። ይህን ያህል የማይችል የቻለውን ያህል ይሥራ፤ ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላል። መካከለኛ የተባለውን ለማወቅ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም፤ እየሄደ መነጋገር የሚችል፥ መዝፈን ግን የማይችል ሰው መካከለኛው ላይ ደርሷል። በእኛ ደጋ አየሩ ስስ ነውና ዳገት ላይ ወጣቱም ቶሎ ያለከልካል፤ ስለዚህ ሽማግሌው ከሜዳ ቢጀምር ይሻለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሳለ ማለዳ መውጣት አይገባም፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ይወጣል። ደረቱን የወጋው፥ ራሱን ያዞረው፥ ወይም ትንፋሹ ያጠረው ሰው ወዲያው ተቀምጦ ወደ ሐኪም ይላክ። ትኩሳት ያለበት ሰው ትኩሳቱ እስኪለቀው ይረፍ፤ ከኮሮና የዳነም በአንድ ቀን ወደ ቀድሞው ልመለስ አይበል። ምግቡም ይታሰብበት፤ ባቄላና ምስር፥ ከጾም ውጭም ዕንቍላልና ወተት ከሌለ ጡንቻ ከምን ይሠራል?

እናታችን ከመስቀል በኋላ ያለ ደጋፊ በበትር ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ዛሬም እሑድ እሑድ ይሄዳሉ፤ ዳገቱ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ያርፋሉ፥ ቀድሞ አያርፉም ነበር። ስግደቱንም ተቀምጠው ራሳቸውን ዝቅ በማድረግ ይፈጽሙታል፤ ከእነዚያ ሁለት ወር ከመንፈቅ የቀረው ጉዳት ይኸው ነው፥ አልተመለሰም። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዟቸው አተኰሳቸው። እኛም እንደ ለመድነው አጎዛውን ልናነጥፍ ስንል፥ ምራታቸው ‹‹ትኩሳቱ እስኪለቅ ብቻ ነው›› ብላ ተቈጣጠረችን። ሦስት ቀን ተኙ፤ በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ጠጠራቸውን ከጣሳው አፍሰው ወደ ግቢው ወጡ።