ከአንድ እናት የሚወለዱ አጥንትና ስብ

በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ሙያቸው ገና ያልለየ እናት ሕዋሳት አሉ። ልጆቻቸው አጥንት ገንቢ ወይም ስብ አከማች ሕዋስ ሊሆኑ ይችላሉ። መንገዱን የሚመሩት በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ራንክስ 2 ወደ አጥንት፣ ፒፓር ጋማ ወደ ስብ ይስባሉ። አንዱ ሲበረታ ሌላው ይዳከማል።

ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ሴቶች ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ ሚዛኑ ወደ ስብ ያጋድላል። መቅኔው በስብ ይሞላል፣ አጥንቱም ይሳሳል። ፒፓር ጋማን የሚያነቃቃው ሮዚግሊታዞን የተሰኘ የስኳር በሽታ መድኃኒት በሚወስዱ ሴቶች ላይ የአጥንት ስብራት በዝቶ መታየቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ታዲያ ሚዛኑን ወደ አጥንት የሚመልስ ምግብ ይኖር ይሆን? በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ተስፋ የሚሰጡ ውጤቶች ታይተዋል። የአኩሪ አተሩ ጄኒስታይን፣ የቀይ ሽንኩርቱ ኩዌርሴቲንና የወይን ልጣጩ ሬዝቬራትሮል ወጣት ሕዋሳት ስብ እንዳያጠራቅሙ ሲገቱ፣ አጥንት ገንቢዎችን ደግሞ ሲያበረታቱ ተስተውለዋል። ይሁን እንጂ ሳህኑ ላይ የሚጨመረው መጠን ከምግብ በኋላ በደማችን ውስጥ ከሚገኘው ብዙ ጊዜ እጅግ ይበልጣል።

የሽንኩርት ታሪክ ጥንቃቄን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቀን 1 ግራም ደረቅ ሽንኩርት የተመገቡ አይጦች የአጥንት መሸርሸር መቀነሱን አሳወቁ። ምክንያቱ ኩዌርሴቲን ይመስል ይሆናል። በ2005 ግን አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን የሚገታ ሌላ ንጥረ ነገር፣ ድኝ ያዘለ ትንሽ ፔፕታይድ፣ ከሽንኩርቱ ነጥሎ ማውጣት ተቻለ። አንድን ንጥረ ነገር ብቻ መርጦ ማሞገስ እንደማያዋጣ ከዚህ እንማራለን።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራም አንድ ድምፅ የለውም። በ2007 የታተመ የጣሊያን ጥናት በቀን 54 ሚሊግራም ጄኒስታይን ለሁለት ዓመት የወሰዱ ያረጡ ሴቶች የአጥንት ጥግግት መሻሻሉን አሳየ። በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በቀን 200 ሚሊግራም የአኩሪ አተር አይሶፍላቮን ለሁለት ዓመት ቢሰጥም የአጥንት መሳሳትን እንዳልገታ ደመደመ።

ለማእድ ቤታችን የሚጠቅም ነገር ግን አለ። ኩዌርሴቲን በብዛት የሚገኘው በሽንኩርቱ የውጭ ንጣፎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ስንልጥ ደረቁን ቅርፊት ብቻ እናንሳ። ሽንኩርት ሲቀቀል ከኩዌርሴቲኑ ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ቁሌቱ ከነውሃው በሚበላበት ወጥ ውስጥ ግን የሚደፋ ነገር የለም።

የምንበላው ሽንኩርትና አኩሪ አተር ለጤና መልካም ነው፤ የአጥንት መድኃኒት ግን አይደለም። በእግር መሄድና ሸክም ማንሳት እነዚያን እናት ሕዋሳት ወደ አጥንት መንገድ ይገፋፋሉ። አጥንቱም ካልሲየም፣ እንዲሁም ፀሐይ የምትሰጠንን ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። እናም ውድ የእፅዋት ክኒን ከመግዛትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ እስከዚያው ግን በየዕለቱ ይራመዱ፣ ካልሲየም ያለውን ጎመንም ከገበታዎ አያጥፉ።